የሃያ ሁለት ዓመቱ አያት

ልጃችሁን ዩኒቨርሲቲ ልካችሁ ከሆነ፣ እዚያ ሌላ አባትና እናት እንዳሏት ታውቃላችሁ? ነባር ተማሪዎች አዲሶቹን ተከፋፍለው «የግቢ ቤተሰብ» ያደርጓቸዋል። ሦስተኛ ዓመት የደረሰ አባት ይባላል፤ ተመራቂው ደግሞ አያት ነው። እኔ እናት ለመባል ዘጠኝ ወር ፈጅቶብኛል!

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ልጄ ከሁለት ጉርሻ በላይ በልታ አታውቅም። እንደከሳች አሶሳ ግቢ ገባች። «የግቢ አባት አገኘሁ» ብላ ስትደውልልኝ፣ እውነት ለመናገር ተቀየምኩ። አባት እንዲህ በቶሎ ይተካል?

አንድ እሁድ ይኸው ቤተሰብ በሚኒባስ ተጭኖ ባምባሲ ቤቴ ድረስ መጣ። አያትየው ጢም ለማብቀል የሚታገል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ምን ላድርግ? ብድግ ብዬ ወንበሬን ለቀቅኩለት።

ምሳ ሲቀርብ ልጄ እጇን ሰበሰበች። የግቢ አባቷም ሰበሰበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

«ማዘር፣ እሷ ካልበላች እኛም አንበላም። የቤተሰባችን ሕግ ነው» አለኝ የግቢ አባቷ።

አያትየው ትሪውን እያየ ጮኸ፦ «ብዪ እንጂ አንቺ! ሽማግሌ በረሃብ ልትገድዪ ነው?»

ልጄ ሳቀች። እየሳቀች ጎረሰች፤ ደጋግማም ጎረሰች። «እማዬ፣ ወጥ ጨምሪልን» ስትለኝ ጓዳ ገባሁና እፎይ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ድስቱን እንዳለ ይዤ ወጣሁ።