የእመት ኤሊ ንፍሮ እና የሁለት ከተማ ፈቃድ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ ንፍሮ ያለው ያቋድሰኝ።

ድሮ፣ እንስሳት ማኅተም መውደድ በጀመሩበት ዘመን፣ በአንድ ጫካ ውስጥ ሁለት ጎረቤት ከተሞች ነበሩ። አንዱ የጥንቸሎች፣ ሌላው የቀንድ አውጣዎች። የሚለያቸው አንድ ቀጭን ጅረት ብቻ ነበር። እመት ኤሊ የንፍሮ ድስቷን ጀርባዋ ላይ አስራ በሁለቱም ትዞራለች። ጭልፋ ንፍሮ ሰጥታ እፍኝ ጥሬ ትቀበላለች። ክረምት ሲገባ ጎርፉን ፈርታ ከጉድጓዷ ስለማትወጣ፣ ያን ጥሬ ካላጠራቀመች በረሃብ ማለቋ ነው። ክረምቱ ደግሞ ሳምንት ቀርቶታል።

አንድ ማለዳ የጥንቸሎች ከተማ ደንብ አስከባሪ አቶ ጥንቸል ዘሎ ፊቷ ተደቀነ። በእነሱ ደንብ ምግብ ሻጭ ሁሉ እየተንቀሳቀሰ ይሸጣል፤ አንድ ቦታ የቆመ የቤት ካርታ ያቀርባል። አቶ ጥንቸል ገበያውን ሦስት ጊዜ ዞሮ ሲመለስ ኤሊዋ ያው ዋርካው ሥር ናት። ወዲያው ሕገ ወጥ ግንባታ ብሎ መዘገባት።

«ኧረ ጌታዬ፣ እየሄድኩ እኮ ነው» አለች።

«ወዴት?» አለ ጥንቸሉ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት።

እመት ኤሊ ተናድዳ ጅረቱን ተሻገረች። እዚያ ደግሞ ደንቡ ሻጭ ቆሞ ይሽጥ ይላል፤ የሚንቀሳቀስ የመንጃ ፈቃድ ያሳያል። ገና ብቅ ስትል ቀንድ አውጣዎች ልጆቻቸውን ከመንገድ ሰበሰቡ። ደንብ አስከባሪው አቶ ቀንድ አውጣ ቀንዱን እያርገበገበ፣ በዚህ ፍጥነት ማንን ልትጨፈልቂ ነው ሲል ተቆጣት። ደስ አላት እንጂ አልከፋትም፤ በዕድሜዋ ፈጣን ያላት አልነበረም። ቢሆንም ፈቃድ ፍለጋ ሄደች። ፈቃድ ሰጪው ቀንድ አውጣ ቢሮው ካለበት ዛፍ ጫፍ ወርዶ እስኪደርስ ሦስት ቀን ፈጀ፤ ሲደርስ ማኅተሙን እዚያው ላይ ረስቶት ነበር።

በማግስቱ ለኤሊዋ ዘዴ መጣላት። ጅረቱ መሀል ካለው ድንጋይ ላይ ወጥታ ድስቷን ከፈተች። ድንጋዩ የማንም አልነበረም። ጥንቸሎች ከወዲያ እየዘለሉ፣ ቀንድ አውጣዎች ከወዲህ በቅጠል እየተንሳፈፉ መጡ፤ ሳቁና ግፊያው ጫካውን አናጋው። እመት ኤሊም የክረምቱን ስንቅ ያገኘች መስሏት በደስታ አንገቷን እስከ ጫፉ አወጣች።

ሽታው ሁለቱን ደንብ አስከባሪዎች ጠራቸው። ገዢውን በትነው እዚያው ለስብሰባ ተቀመጡ። አንዱ ቆማለች ሲል፣ ሌላው እየበረረች ነው ይላል። የድስቱ የትኛው ግማሽ የማን ከተማ እንደሆነ ለማጣራት ንፍሮውን መቅመስ ግድ ሆነ። ጥንቸሉ ከግራ፣ ቀንድ አውጣው ከቀኝ መረመሩ፤ ጥርጣሬ እንዳይቀር ደግመው መረመሩ። የድስቱ ቂጥ ሲታይ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቃል ተስማሙ፦ ድንጋዩ ላይ የሚሸጥ፣ የቤት ካርታም የመንጃ ፈቃድም ያምጣ።

ያኔ የክረምቱ የመጀመሪያ ጠብታ ኤሊዋ ጀርባ ላይ አረፈ። አቶ ጥንቸል ጢሙን ጠረገና፣ «ነገም ስብሰባ አለን፤ ድስቱን ሞልተሽ ነይ» አላት።

እመት ኤሊ ባዶውን ድስት ደፋችው።

«ለካ ፈቃድ የሚያስፈልገው ለመሸጥ ነው» አለች፤ «እናንተን በነፃ ለማብላትማ ፈቃድ አምጪ ያለኝ የለም።»