አጭር ስብከት፣ ረጅም ትርጉም

የሴት ድምፅ በቤተክርስቲያን ውስጥ እስከ የት ድረስ እንደሚፈቀድለት አስባችሁ ታውቃላችሁ? በእኛ በኩል ያለውን ልንገራችሁ። ወንበሯ ላይ ሆና ብትጸልይ ማንም ምንም አይላትም፤ እንዲያውም ድምፅዋ ሰፈሩን ቢያናውጠው «መንፈስ ነክቷታል» ተብሎ ይደነቅላታል። መድረክ ላይ ወጥታ ብትዘምርም እሰየው ነው። መዝሙሩ ስለ ኃጢአት፣ ስለ ንስሐና ስለ መጨረሻው ፍርድ የተሟላ ትምህርት ይዞ በወንዶቹ ረድፍ ላይ እንደ ዶፍ ቢወርድ እንኳ ችግር የለውም፤ ኪቦርድ እስከተመታ ድረስ። ችግር የሚመጣው ኪቦርዱ ሲቆም ነው። ያንኑ ቃል ያለ ዜማ ልናገር ያለች ቀን ሽማግሌዎቹ ይሰበሰባሉ። ዜማ ምን አጥቦለት ነው ቃሉ ለወንድ ጆሮ የሚፈቀደው? ብዬ ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ። የሚመልስልኝ አላገኘሁም፤ «መንፈሳዊ ነገር በጥያቄ አይገኝም» ያለኝ ግን አለ።

እኔ ሚዛን አማን ከተማ ውስጥ ሰባተኛ ክፍል አስተምራለሁ። የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ወንዶች ልጆች አብዛኞቹ በእጄ አልፈዋል። አባቶቻቸው ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው «መምህርት፣ አደራ፣ ልጁን ሰው አድርጊልን» ብለውኛል። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖ እሑድ እሑድ ይሰብከናል። የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ የመዋጥ አመሉን እስካሁን አልተወም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሆን ኖሮ «ደግመህ ተናገር» እለው ነበር። እሑድ ስለሆነ «አሜን» እላለሁ።

የምነግራችሁ ግን ስለ እኔ አይደለም፤ ስለ እህት አስቴር ነው። እናቷ የቤንች ልጅ ናት፤ አባቷ ከሰሜን በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ሚዛን ወልዶ የቀረ ሰው ነበር። ስለዚህ አማርኛውም ቤንችኛውም አፏን የፈታችበት ነው። በዚያ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ገብታ ተምራለች። አንገቷን የደፋች ምስኪን አድርጋችሁ እንዳትስሏት። ስትራመድ መንገዱን ሞልታ ነው፤ ስትስቅ አፏን በነጠላ አትሸፍንም፤ ያልመሰላትን ነገር «አልመሰለኝም» ማለት ታውቃለች። ስታስተምር ደግሞ የተናገረችው ነገር ቤታችሁ ድረስ ተከትሏችሁ ይመጣና እራት ላይ ከባላችሁ ጋር ያከራክራችኋል።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቡናው መሀል ካለ አንድ መንደር ጥቂት ሰዎች «አስተማሪ ላኩልን» ብለው ወደ ቤተክርስቲያናችን መጡ። የሚያውቁት አማርኛ ቡና ሸጦ ጨውና ሳሙና ለመግዛት የሚበቃ ነው፤ ለነፍስ ጉዳይ አይበቃም። ቤንችኛ አጣርቶ የሚናገር የተማረ አገልጋይ ሲፈለግ አስቴር ብቻ ተገኘች። ሄደች። በአንድ ገበሬ ግቢ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ማስተማር ጀመረች። ሰዉ እየበዛ መጣ። ወሬውም ከተማ ደረሰ፤ ሽማግሌዎቻችን ደስ አላቸው፤ ደስታቸውን ሳይጨርሱ ግን አንዱ «ወንዶችም አሉበት እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። አሉበት። በዓለም ላይ ወንድ የሌለበት መንደር ያለ ይመስል ሁሉም ደነገጡ።

ምእመኑ ሁሉ ባለበት ስብሰባ ተጠራ። ያ ጥቅስ ተነበበ። ሴት ወንድን እንዳታስተምር የሚከለክለው፤ እኛ ሴቶቹማ በቃላችን ነው የምንወጣው። ሰብሳቢው ሽማግሌ ታደሰ ክፉ ሰው አይደሉም። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጡረታ የወጡ፣ ወረቀት ካልተሟላ የማይፈርሙ ሰው ናቸው።

«እህቴ፣ አገልግሎትሽን ጠልተን አይደለም» አሏት። «ሥርዓት ነው።»

«ታዲያ ጋሼ፣ እርስዎ ይሂዱና ያስተምሯቸዋ!»

«ቋንቋውን አልችልም።»

«እንግዲያው ቋንቋውን የሚችል ወንድ ይላክ።»

ወዲያና ወዲህ ተተያዩ። አልነበረም። ከመካከላቸው ለአንዱ ብልኀት ተገለጠለት፦ ወንድ ይሰብካል፣ እህት አስቴር ትተረጉማለች። መተርጎም ማስተማር አይደለም፤ ቃሉ የወንዱ ነው፤ እሷ ማስተላለፊያ ናት። ሁሉም እፎይ አሉ። ሽማግሌ ታደሰ ፊታቸው ሲበራ ታየኝ፤ ወረቀቱ ተሟልቷል።

ማን ይሂድ ሲባል ግን ጉልበት የሚያማቸው በዙ። ዕጣው የወደቀው ኮረሪማ በሚነግደው በወንድም ደመቀ ላይ ነው። ደመቀ ደግ ሰው ነው፤ ለለቅሶ ቤት ጆንያ ሙሉ እህል ልኮ ስሙን የማይናገር። ሰው ፊት ሲቆም ግን ምላሱ ይደርቃል። እንቢ ለማለት እንኳ ቃል አጥቶ እሺ አለ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣ። ባለትዳር ሴትና ባለትዳር ወንድ በቡና ጫካ ውስጥ ለብቻቸው ሲሄዱ ሰው ምን ይላል? «እህት ወርቅነሽ ትከተላቸው» ተባለ። ወርቅነሽ እኔ ነኝ። እንግዲህ ጉዟችን ይህን መሰለ፤ አንዱ ለስብከት፣ አንዷ ለትርጉም፣ አንዷ ለሐሜት መከላከያ። አንድ ሰው ይበቃ ለነበረ ሥራ ሦስት ሰው አሰማሩበት፤ ይህን ሁሉ ያደረጉት ያቺ አንዷ እንዳትሠራው ነው።

በማለዳ ባጃጅ ይዘን ወጣን። ጠጠሩ አልቆ ጭቃው ሲጀምር ባለባጃጁ «ከዚህ በኋላ በእግዜር እጅ ናችሁ» ብሎ አወረደን። በቡናው ጥላ ሥር፣ ሌሊት የዘነበው ዝናብ ከቅጠሉ እየተንጠባጠበብን፣ ዳገቱን በእግር ወጣን። ደመቀ መንገዱን ሙሉ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ስብከቱን ያጠናል። ስንደርስ ዳሱ ሞልቷል። ወንዶቹ በቀኝ፣ ሴቶቹ በግራ ተቀምጠዋል። ደመቀ ተነሥቶ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«የእግዚአብሔር ፍቅር ታላቅ ነው» አለ። ቆመ። ሌላ የሚጨምር መስሎን ጠበቅነው። ወደ አስቴር ዞረ።

አስቴር መተርጎም ጀመረች። ቤንችኛ የገበያውን ያህል እሰማለሁ፤ የተረዳሁትን ልንገራችሁ። ፍቅር ታላቅ ነው ስንል ምን ማለታችን ነው ብላ ጀመረች። ቀጥላም፣ እየጸለየ ሚስቱን የሚመታ ሰው ምን ዓይነት ፍቅር እንደሚያውቅ ጠየቀች። ከዚያ ወንድሙን ቀብሮ ሲመለስ የሟቹን ሚስት ከማሳዋ ስላባረረ ሰው ተናገረች። ከወንዶቹ ረድፍ አንዱ አንገቱን ሲደፋ ሁላችንም አየነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ደመቀ እጆቹን አጣምሮ፣ የራሱን ንግግር እንደሚያደምጥ ሰው በግርማ ቆሟል። ስትጨርስ ራሱን ነቀነቀ። «ደግሞም ታማኝ ነው» ሲል ጨመረ። አስቴር ቀጠለች፤ እስከ ምሳ ሰዓት።

ስንወጣ የዳሱ ባለቤት ጋሽ ማርቆስ የደመቀን እጅ ጨብጠው ሳቁ። «ወንድም ደመቀ፣ አንተ ትንሽ ትናገራለህ፤ እህት ግን ብዙ ትሰማለች» አሉት። ደመቀ እስከ ጆሮው ቀላ። እኔም እንዳይሰሙኝ ዞር ብዬ ሳቅሁ፤ ያኔ ገና የሚያስቅ ነገር ነበር።

አንገቱን የደፋው ሰው አቶ ዮሐንስ ይባላል። በሳምንቱ ወዳባረራት የሟች ወንድሙ ሚስት፣ ወደ ወይዘሮ አበበች ደጅ ሄደ። ሽማግሌ ይዞ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ የቡና ማሳዋን መለሰላት። በቀጣዩ ጉባኤ ወይዘሮ አበበች ዳሱ መሀል ቆማ አለቀሰች፤ ምን እንዳለች ለመስማት ቤንችኛ ማወቅ አያስፈልግም ነበር። ሰዉ ከሁለትና ከሦስት መንደር ይጎርፍ ጀመር፤ ዳሱ ጠቦ ሰፊ አዳራሽ ተሠራ።

በከተማው ሪፖርት ቀረበ፦ ወንድም ደመቀ የተባረከ ሰባኪ ነው። ደመቀ ከተቀመጠበት ተነሣ። «ኧረ እኔ አይደለሁም፤ የምታስተምረው እሷ ናት» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ሳይደናቀፍ የተናገረው ይህን ነው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ትሕትናውን አያችሁ?» አሉ። ለትሕትናው ሲሉ ሽማግሌ አድርገው መረጡት። ቴፒ በተደረገው ጉባኤ ላይም እንዲሰብክ ጋበዙት። ቴፒ ላይ አማርኛ የማይሰማ ስለሌለ ተርጓሚ አላስፈለገውም፤ ስብከቱ ሰው ወንበሩን ሳያስተካክል አለቀ። «እጥር ምጥን ያለ!» ተብሎ ተመሰገነ። እንግዲህ ወንድ ሆኖ መፈጠር እንዲህ ነው፤ ዝምታህም ስጦታ ይባልልሃል።

ከዚያ ሥርዓት ይበልጥ ተሟላ። ቤንችኛ የሚችል ጎረምሳ ከኮሌጅ ተመርቆ መጣ። «ወንድ ተርጓሚ ተገኝቶልናል» ተብሎ አስቴር ጋቢ ተሸለመች፤ የልጆች ክፍል ተሰጣት። የምትታማ ሴት ስለሌለች የእኔም ሥራ አብሮ አበቃ። ሽልማት ግን አልደረሰኝም።

ጎረምሳው ሐቀኛ ልጅ ነው፤ የተባለውን ብቻ ይተረጉማል። ደመቀ «የእግዚአብሔር ፍቅር ታላቅ ነው» ሲል ልጁም ያንኑ ይላል፤ ከዚያ ሁለቱም ቆመው ይተያያሉ። በእግሩ ዳገት ወጥቶ የመጣ ሰው ሁለት ዓረፍተ ነገር ሰምቶ ይመለሳል። ጋሽ ማርቆስ ቅዳሜ ገበያ መጥተው አገኙኝ። «መምህርት፣ አዲሱ ልጅ ወንድም ደመቀ ያለውን ብቻ ነው የሚሰማው» አሉኝ። በዚህ ጊዜ አልሳቁም። አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጡት ጥቂት አረጋውያን ብቻ መሆናቸውን፣ አቶ ዮሐንስም የወይዘሮ አበበችን ማሳ መልሶ ማጠሩን የነገሩኝ ያን ዕለት ነው።

ወሬውን ለአስቴር ነገርኳት። ማንንም ሳታስፈቅድ ተነሣች፤ እኔም ማንም ሳይልከኝ ተከተልኳት። አቶ ዮሐንስን አጥሩ ሥር አገኘነው። ተቀመጡ እንኳ አላለንም። አስቴር የምትለውን አለች፤ ያኔ በዳሱ ያለችውን ሁሉ ደገመችለት። ሰውዬው ጠብቆ አስጨረሳት። ከዚያ እኔም እንድሰማው ብሎ በአማርኛ መለሰላት።

«ከተማ ሄጄ ሰምቻለሁ። አንቺ ወንድ ማስተማር አልተፈቀደልሽም። ሽማግሌዎችሽ ናቸው ያሉት። እንግዲህ ያኔ ያልሽው አይሠራም።»

አስቴር ወደ አጥሩ ዞረች። ወይዘሮ አበበች ከጎረቤት ጎጆ ደጃፍ ላይ ሆና ታየን ነበር። ወርዳም አልመጣች፤ እጇንም አላነሣችም። በመጽሐፍም በጉባኤም ስንከራከርበት የኖርነው ጉዳይ እዚህ ጫካ ውስጥ የአንዲት ሴት አጥር ሆኖ ተተክሏል። ከተማ ያሉት ሰዎች «ሥርዓት ነው» ሲሉ ይህን አጥር ማን ነው የሚያሳያቸው? ብናሳያቸውስ ያዩታል?

አሳየናቸው፤ ያየነውን ሁሉ ለሽማግሌዎቹ ነገርናቸው። በዓመታዊው ጉባኤ የመንደሩ ጉባኤ ለምን እንደተበተነ ይጠና ተባለና ሽማግሌ ታደሰ የጥናቱን ውጤት ይዘው ቆሙ። መንገዱ ከባድ ነው፣ ሕዝቡ ለአዲስ ነገር ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይበርዳል አሉ። መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ዋናው ምክንያት ግን መሠረታቸው ነው፤ ከጅምሩ ሴት ናት ያስተማረቻቸው» አሉ።

ደመቀ ከሽማግሌዎቹ ወንበር ተነሣ። «ተርጓሚ ናት ብላችሁ አልነበረም ወይ?» አለ። ሽማግሌ ታደሰ ጊዜው እንደሄደ ተናግረው በጸሎት እንዲዘጋ ጠየቁ። ራሳችንን ደፋን። ስታስተምር ተርጓሚ የነበረችው ሴት፣ ያስተማረቻቸው ሲበተኑ አስተማሪ ሆና ተሾመች። አስቴር አጠገቤ ናት። ዓይኗን አልጨፈነችም።

«ወርቄ፣ ሰማሽ?» አለችኝ በጆሮዬ። «አስተማሪ ነኝ አሉ።»

ጸሎቱ ሲያልቅ ሁሉም «አሜን» አለ። ወይዘሮ አበበች አሁንም በጎረቤቷ ጎጆ ተጠግታ ናት፤ በዚህ የለቀማ ወቅት የራሷን ቡና ለአቶ ዮሐንስ በቀን ሥራ ለቅማለች።