የእትዬ ሸዋዬ አበባና የአቶ ዓለምነህ ዓይን

የጎረቤቱ ነገር ሲያምር ራሱን የሚያመው ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ለእኛ ለመርሳ ከተማ ሰዎች የደረሱን ክቡር መካኒክ አቶ ዓለምነህ ናቸው። ጎረቤት ትልቅ ቴሌቪዥን ቢገዛ "እሱ እኮ ዓይን ያጠፋል" ይላሉ፤ ልጁ ቢመረቅ "ዘንድሮ ደግሞ ያልተመረቀ ማን አለ?"

ከሁሉ ያንገበገባቸው ግን የእትዬ ሸዋዬ አበባ ነው። እትዬ ሸዋዬ፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በሚጠብሰው ጠጠራም ደጃቸው ላይ፣ መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ ቅጠሉ ወፈር ያለ አበባ ተከሉ። ዝናብ ጠፍቶ የሰፈሩ ጓሮ ሁሉ ሲያርር፣ እሱ ቀይና ቢጫ ሆኖ እንደ ስጋጃ ተነጠፈ። ወደ ወልድያ የሚያልፈው መንገደኛ ሳይቀር ቆሞ ፎቶ ያነሳዋል። በጀሪካን ውሃ የሚቀለበው የአቶ ዓለምነህ ጽጌረዳ ግን እንጨት ሆኖ ቀረ።

"ሰው ሳያይ ቢያጠጡት ነው እንጂ!" አሉ አቶ ዓለምነህ። ሴትዮዋ ገበያ የሄዱ ዕለት አንድ ቅርንጫፍ ሰብረው፣ ጫፉ ከኪሳቸው ብቅ እንዳለ፣ ሰፈሩ እያያቸው ቤታቸው ገቡ። ተከሉት። ጠዋት ውሃ፣ ማታ ውሃ። በሰበሰ።

"አንድ ነገርማ አድርገውበታል!"

ከዚያ እትዬ ሸዋዬ ታመው ወልድያ ሆስፒታል ተኙ። በገበያ ቀን ፍየሎች አጥራቸውን ጥሰው አበባው ላይ ሰፈሩ። አቶ ዓለምነህ ከመኪና ሥር ወጥተው፣ መፍቻ እንደጨበጡ ሮጠው አባረሯቸው። ቀዳዳውንም በአሮጌ ቆርቆሮ ደፈኑት።

"ይኼ ሁሉ ለአረም ነው?" አለ ባለፍየሉ።

"አረምስ አንተ! እንዲህ ያለ አበባ ሐራ ከተማም ግራና ከተማም ብትሄድ አታገኝ!"

ሰፈሩ ጆሮውን ተጠራጠረ።

እትዬ ሸዋዬ ድነው ሲመለሱ ይህን ሰሙ። አንድ እቅፍ ነቅለው፣ ራሳቸው አቶ ዓለምነህ ደጅ ላይ ተከሉላቸው።

"ልጄ፣ ይኼ ውሃ ሲበዛበት ይሞታል። እንደ ፊተኛው እንዳታሰጥመው።"

"የቱ ፊተኛ፣ እትዬ?"

"በኪስህ የሄደው።"

ዛሬ ሁለቱም ደጅ ያብባል። አቶ ዓለምነህ ጠዋት ጠዋት በማን በኩል ቀድሞ እንደፈነዳ አጮልቀው ያያሉ። በእሳቸው በኩል ከሆነ ፊታቸው ይበራል። እትዬ ሸዋዬ ወጥተው ካላዩላቸው ግን ደስታው አይሞላም፤ ሄደው በር ያንኳኳሉ።

"እትዬ! ምነው ዘገዩ? አመመዎት እንዴ?"