ከዘፈን የዳኑት እትዬ እሌኒ

ዘፈን የተወ ዘፋኝ የሌለበት ጉባኤ የለም። ሌላው ኃጢአተኛ ኃጢአቱን ትቶ ዝም ይላል፤ ዘፋኝ ግን የተወውን ከነዜማው ካላሰማችሁ ተወ አይባልም።

ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ፣ አልትሽቴተን ሰፈር ባለችው ትንሽ የሐበሾች ጉባኤ ይህ ማዕረግ የክብርት እትዬ እሌኒ ነው። በንጉሡ ዘመን በአንድ ጠቅላይ ግዛት ፖሊስ ኦርኬስትራ የባላገር ዘፈን ንግሥት ነበሩ። ዛሬ ጄኔቭ፣ ሰርቬት ሰፈር፣ ልጃቸው ቤት ይኖራሉ፤ በወር አንድ እሑድ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው በባቡር ዙሪክ ይመጣሉ። ሊመሰክሩ።

"ጌታ ከዘፈን አወጣኝ!" ይላሉ ማይኩን ጨብጠው።

"አሜን!"

"ከምን እንዳወጣኝ ካላወቃችሁማ አሜናችሁ ባዶ ነው።" ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፦

ማር ሊሸጥ የመጣው ጋቢውን አጣፍቶ፣
ልቤን ጭኖት ሄደ ማሩን እዚሁ ትቶ።

ኪቦርድ የሚጫወተው ሚኪ፣ ጌታ ይቅር ይበለውና፣ ቅኝቱን ወዲያው ያገኘዋል። የእናቶች ትከሻ ሳይታዘዝ ይነሳል። "እንዲህ ባለ ጨለማ ውስጥ ነበርኩ!" ይላሉ እትዬ፣ ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቶ። "ሁለተኛው ጨለማ ደግሞ…"

እዚህ ላይ አንጀቱ የሚያርረው መድረክ መሪው ናታን ነው። አዳራሹ የስዊሶች ነው፤ የሐበሾቹ ሰዓት ሲያልቅ ከስሪላንካ የመጡ የታሚሎች ጉባኤ ይገባል። ታሚሎቹ ከነከበሯቸው በር ላይ ቆመው ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ጨለማ ሰምተዋል። በመጨረሻ የአዳራሹ ቁልፍ ያዥ "አንድ ጊዜ እንኳ ሰዓት ብታሳልፉ ሌላ አዳራሽ ፈልጉ" አለ። ናታን ይቺን አዳራሽ ለማግኘት ያላንኳኳው በር አልነበረም።

ደወለላቸው። "እትዬ፣ በዚህ ወር ምስክርነቱ ቢቀርስ?"

"ዘፈን የተውኩ ሴት ምስክርነት መተው ያቅተኛል? እሺ፣ ልጄ።"

መጡ፤ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። አንዱ የመኖሪያ ፐርሚት ስለማግኘቱ፣ አንዷ ፈተና ስለማለፏ መሰከሩ። ስብከቱ አለቀ፤ ቡራኬውም ተሰጠ። ታሚሎቹ ገና አልደረሱም። ናታን ስንት ወር የለመነው ተሳካለት።

የሚነሳ ሰው ግን ጠፋ። በቅርቡ ከስደተኞች ካምፕ የወጣው አስረስ ጮክ ብሎ "እናታችንን አሟቸው ነው እንዴ?" አለ። ሌሎቹ ናታንን ከአፋቸው ጉርሻ እንደነጠቃቸው ሰው አዩት።

እሱም ወደ ጥጉ አየ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው የተቀመጡት ሴት ንግሥትም ምስክርም አይመስሉም፤ ባቡር የሚጠብቁ አሮጊት ናቸው። ሽሊረን፣ በሚሠራበት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲደረድር ሳምንቱን ሙሉ ያንጎራጎረው ነገር ትዝ አለው። መዝሙር አልነበረም።

ማይኩን አነሳ። "ወገኖች፣ ጌታ እትዬን ከምን እንዳወጣቸው በደንብ ያልሰማ አለ?"

እጅ ሁሉ ተነሳ። ዓመታት የሰሙትም አነሱ። ናታንም አነሳ።

እትዬ እሌኒ ቀስ ብለው ቆሙ። "ሰዓት አለን?"

"አለን፣ እትዬ። ታሚሎቹም ከደረሱ ገብተው ይቀመጡ። ቁልፍ ያዡን እኔ እለምነዋለሁ።"

"እንግዲያስ" አሉ ማይኩን ተቀብለው፣ "ለማንም ያልመሰከርኳት አንዲት ጨለማ አለችኝ። ሚኪ፣ ባቲ ስጠኝ!"