የአንጀት ንፍጥ ስም ሲወጣለት

ምሳ በልታችሁ ከሆነ እስቲ ላጫውታችሁ። ካልበላችሁ በሉና ተመለሱ፤ ወሬዬ ስለ ንፍጥ ነው።

የአፍንጫው አይደለም፤ የአንጀት ነው። አንጀት ንፍጥ እንዳለው እኔም አላውቅም ነበር። የእህቴ ልጅ ሐያት ናት፣ ወልድያ ላይ ተምራ ተምራ በመጨረሻ እሱን አጠናለሁ ብላ የተነሳችው። አንጀታችን ከውስጥ በኩል የሚያዳልጥ ልባስ አለው አለችኝ። የበላነውም፣ ሆዳችን ውስጥ የሚርመሰመሰው ተህዋስም የአንጀትን ገላ እንዳይነካው የሚከላከለው እሱ ነው። ሳስበው ደግ ነገር ነው። ግን እዚህ ከተማችን መርሳ ላይ ሰው የእህትህ ልጅ ምን ታጠናለች ሲለኝ ምን ልበል? አንድ ሁለቴ "ሕክምና ነገር" ብዬ አለፍኩት።

ጣጣው የመጣው ሰው ሲያስፈልጋት ነው። አንጀቱን በመሣሪያ ሊታይ ቀጠሮ የያዘን ሰው ታስፈቅዳለች፤ ሐኪሙ እግረ መንገዱን ከዚያ ልባስ ቅንጣት ታህል ይወስድላታል። የሚፈቅድ ካልተገኘ ጥናቱ ቀረ፣ ምረቃውም ቀረ። ለመጀመሪያ የተገኙት ከመርሳ አጠገብ ካለችው ከግራና ከተማ የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው። ምን ብለሽ ልትጠይቂያቸው ነው አልኳት። "ከአንጀትዎ ንፍጥ ትንሽ እንውሰድ" እላለሁ አትለኝም?

አሁን ጉድ ፈላ። የተከበረ ሽማግሌ ንፍጥዎን ይስጡኝ ይባላል? ዕድሜዬን አማርኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እያየሁ ዝም አልልም። ደስ ሲለን አንጀታችን ቅቤ ይጠጣል። ልጅ ቁም ነገር ሲሠራ አንጀታችንን አራሰው እንላለን። ታዲያ ይህን የመሰለ አማርኛ እያለ ንፍጥ ምን ቤት ነው? "አንጀትዎን ከሚያርሰው ነገር ትንሽ እንውሰድ" በያቸው አልኳት። ይኼ ሳይንስ ነው ብላ ተከራከረችኝ። ኋላ ግን እሺ አለች።

ሽማግሌዎቹ አላንገራገሩም። አየሽ፣ ቃል ማለት ይኼ ነው አልኳት። እንዴት ደረቴን እንደነፋሁ!

የምርመራው ዕለት የቃሌን ድል ለማየት አብሬ ሄድኩ። ባዶ ሆዳችሁን ኑ ተብለዋል። ነርሷ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡትን ጋሽ ሰይድን የቀመሱት ነገር አለ ወይ ስትላቸው "ተልባ ብቻ" አሉ፣ ፈታ ብለው። ሌሎቹም እሳቸው መክረዋቸው ተልባ ጠጥተዋል። ምርመራው ለሌላ ቀን ተላለፈ። ሐያት እንባዋ መጣ። የሚያዳልጠው ተልባ ከሚያዳልጠው ልባስ ጋር ተቀላቅሎ የቱን ነው የማጠናው አለች። አንጀቴን በላችው፤ ይቺን እንኳ ያለ ቀልድ ነው የምላችሁ።

ጋሽ ሰይድን ለምን ጠጡ አልኳቸው።

"እናንተ አንጀቴን የሚያርሰውን ልትወስዱ፣ እኔ ምን ይዤ ልቀር? ወላሂ እሱኑ ሳስብ ነው ያደርኩ። ብትወስዱትም እንዳይጎድልብኝ ብዬ ነው የጨመርኩበት።"

ሐያት በዚህ ጊዜ እኔን አላማከረችም። የሚወሰደው ቅንጣት እንደሆነ፣ ሰውነት ራሱ ወዲያው እየሠራ እንደሚተካው፣ ነገሩም ባጭሩ ንፍጥ እንደሆነ እቅጩን ነገረቻቸው። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ጋሽ ሰይድ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን አዩን።

"ንፍጥ ነው እንዴ? ታዲያ ፊት እንዲህ አትሉኝም? አብሽሪ ልጄ፣ ሁሉንም ጥረጊው።"