ቀይ ቁጥር የተጻፈበት ድንጋይ

እኛ አገር አንድ ነገር ይጠቅማል ከተባለ መጀመሪያ የሚደረገው ማንም እንዳይነካው መከልከል ነው። ለምን እንደሚጠቅም በኋላ ይጣራል፤ ባይጣራም ክልከላው አይነሣም። አትሳቁ፣ አንዱን የክልከላ ደብዳቤ በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በደርግ ጊዜ አምቦ የመንግሥት ቢሮ ጸሐፊ ሳለሁ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ የማዕድን ባለሙያ ኦሮምኛ አይችልምና አስተርጓሚ ሁን ተብዬ አብሬው ወደ ባኮ ወረድኩ። የምንፈትሸው የአንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ የኦቦ ዱጉማን ጓሮ ነበር። ከበቆሎው ማሳ ጀርባ ጥቁር፣ ለመጠኑ ከልክ በላይ የሚከብድ ድንጋይ ብቅ ብሏል። ባለሙያው ማግኔት ሲያስጠጋ ልጥፍ አለ፤ ኮምፓሱም ሰሜንን ትቶ ወደ ኦቦ ዱጉማ ቤት ዞረ። ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ነው አለን። አጠገቡ ያለውን ነጭ ድንጋይ ወቅጦ በውሃ ሲያጥበው ደግሞ፣ በአጉሊ መነጽር ብቻ የምትታይ ቢጫ ነገር ሳህኑ ላይ ቀረች።

"ወርቅ ናት፤ ግን..."

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከ"ግን" በኋላ ያለውን ለመስማት ጊዜ አልነበረውም። ስብሰባ ጠርቶ ባኮ ላይ የብረት ፋብሪካ በአፉ ተከለ። ባለሙያው "ብረቱ ስስ ንብርብር ነው፣ ወርቁም ለአንድ ቀለበት አይበቃም" ቢል አፍራሽ ተባለ። ከዚያ ደብዳቤው፦ ከበላይ መመሪያ እስኪመጣ በዚህ ክልል ያለ ድንጋይም ሆነ ቤት ከቦታው እንዳይነቃነቅ። ማኅተም ተመታበት፣ ግልባጩ ለኦቦ ዱጉማ ተሰጠ፣ ደጃቸው ባለ አንድ ድንጋይ ላይም በቀይ ቀለም ቁጥር ተጻፈ።

"ልጄ፣ ቤቴን ሊወስዱብኝ ነው?" አሉኝ። የተወለዱበት ቤት ነው፤ አባታቸውም ከጓሮው ተቀብረዋል። "አይዞዎት" አልኩ። ምንም የማያውቅ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፈርኩ።

ባለሙያው "አያዋጣም" ብሎ የጻፈው ሪፖርት መሳቢያ ገባ። ክልከላውን የሚያነሣ ሰው ግን አልተገኘም።

ከዚያ መንደር ምስረታ መጣ። የአካባቢው ሰው ሁሉ ቤቱን እያፈረሰ ሜዳ ላይ በተሰመረ መስመር ተደረደረ። አፍራሾቹ ኦቦ ዱጉማ ደጅ ሲደርሱ፣ ሽማግሌው በላስቲክ የጠቀለሉትን ደብዳቤ አወጡ። ሊቀመንበሩ የገዛ ማኅተሙን አገላብጦ አየው። መመሪያ መጥቷል? አልመጣም። እንግዲህ ቤቱ አይነካም። እሱ የራሱን ቆርቆሮ ነቅሎ መስመር ገባ።

ከሁለት ክረምት በኋላ ኦቦ ዱጉማ አምቦ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ስለ ልጆቼ ጤና ጠይቀው ሲጨርሱ በሩን ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ቁጥሩን ዝናብ እያጠበው ነው። ከዚያ ቀይ ቀለም ተርፏችኋል?"

ጣሳውን እንዳለ ሰጠኋቸው።