የዘበኛው ፊት

ሕልም የሌሊት ነው ያለው ማን እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ትናንት በጠራራ ፀሐይ አየሁ። ቀረጻ ቦታ ነበርኩ። መብራቱ እስኪተከል ባለመስታወቱ ቁምሳጥን ፊት ካለው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሸለብ አደረገኝ።

አሥራ ሁለት ፊልም ላይ ዘበኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። መኪና ይመጣል፣ በር እከፍታለሁ፣ መኪናው ይገባል፣ አለቀ። ከኮፍያዬ በስተቀር የታየልኝ ነገር የለም። አሁን ግን ዳይሬክተሯ ሰሎሜ ትዕይንት ሰጠችኝ፤ ዘበኛው የጌታው መኝታ ቤት ገብቶ መስታወት ፊት ይቆምና «አንተ ማነህ?» ብሎ ያለቅሳል። «በፊልም መስታወት ፊት የቆመ ሰው ለራሱ አይዋሽም፣ ጋሼ ደስይበለው» አለችኝ። ለባለቤቴ ለትርንጎ «ዘንድሮ ፊቴን ታዪዋለሽ» ብዬ ቃል ገባሁ። እሷም ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰችው።

በሕልሜ ሲኒማ ቤት ገባሁ። ስክሪኑ ፈንዲሻ ይዞ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ተመልካቹ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እኔንም አንድ ሚስማር ላይ አንጠለጠሉኝ። መስታወቶች ፊቴ ተሰልፈው ራሳቸውን ያዩብኝ ጀመር።

«ጥርስህን አሳየኝ» አለኝ አንድ የፀጉር ቤት መስታወት።

«ለምን?»

«ጥርሴን ላይበት።»

ከቦርሳ የወጣች ትንሽ መስታወት ደግሞ «ወፈርኩ እንዴ?» አለችኝ። አልወፈርሽም አልኳት። ደስ ብሏት ሄደች።

ወዲያው ቀረጻ ላይ ነበርን። ዳይሬክተሩ የቁምሳጥን መስታወት ነው። ከውስጡ የኔው ምስል ኮፍያውን ደፍቶ ብቅ አለ።

«ቃለ ተውኔቱን አጥንተሃል?» አለኝ።

«እንዴታ! ‹አንተ ማነህ?› ነው የምለው።»

«እሱ የኔ ነው። አንተ አፍህን ብቻ ታንቀሳቅሳለህ።»

ቀኝ እጁን አነሳ። እኔም በልማድ ግራዬን አነሳሁ። በራሴ አፈርኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ። ሁለቱንም እጆቼን ኪሴ ከተትኩ።

«አሥራ ሁለት ፊልም በር ከፍቻለሁ» አልኩት። «ይቺን ትዕይንት ብሞት አለቃትም!»

መስታወቶቹ ተንጫጩ። «ዘበኛ ጥሩ! ይህን ሰውዬ ያስወጣልን!» ዘበኛው እየሮጠ መጣ። እሱም እኔ ነበርኩ።

«ምን ልታዘዝ፣ ጌታዬ?» አለኝ።

«በሩን ክፈትልኝ።»

ዘበኛው የመስታወቱን በር ወለል አድርጎ ከፈተልኝ። በዕድሜዬ በር ሲከፈትልኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሆዴ ባባ። ገባሁ። ከውስጥ ሆኜ ሳይ ሰው ሁሉ ከሚስማሩ ወርዶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ትርንጎ ከፊት ነጠላዋን አስተካክላ ታየኛለች። ፊቴ ግድግዳውን ሞልቶታል። መጨማደዴ ሳይቀር ይታያል። «አንተ...» ብዬ ስጀምር አንገቴ ላይ ውኃ ጠብ አለብኝ።

ነቃሁ። ካሜራማኑ ኪሩቤል ከበላዬ ቆሞ መስታወቱን እርጥብ ሳሙና ይቀባዋል።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ካሜራው መስታወቱ ውስጥ እየታየ አስቸገረን፣ ጋሼ። እኔም እታያለሁ። በሳሙና ላደብዝዘው ብዬ ነው።»

«የኔስ ፊት?»

ሰሎሜ ከወረቀቷ ቀና ሳትል መለሰች፤ «ከኋላ ነው የምንቀርጽዎት። ድምፅዎ ይበቃናል። ኮፍያዎን ያድርጉ።»

ኮፍያዬን አደረግኩ። መብራቱ በራ። «አክሽን!» ስትል ወደ መስታወቱ ጠጋ አልኩና የፊቴን ያህል በእጅጌዬ ጠረግኩ።

«ጋሼ! ካሜራው ይታያል!»

«ይታይ» አልኳት።